አሮጌ የቤንዚን ፒካፕ ሚኒሞ አልይዝ ሲል፦ ካርቡራተሩን ከመፍታታችሁ በፊት

ቀይ መብራት ላይ ስትቆሙ መሪው በእጃችሁ ይንቀጠቀጣል። ሞተሩ ሚኒሞ አይዝም፤ ነዳጅ ሳይረገጥ በራሱ መዞር ያቅተዋል። ሊጠፋ ሲል ነዳጅ ትረግጡለታላችሁ። ከከተማ ወጥታችሁ መንገድ ስትይዙ ደግሞ ምንም እንዳልነበረበት ይሄዳል። አሮጌ የቤንዚን ፒካፕ የያዘ ሰው ይህን ጠባይ ያውቀዋል። የሚሰጠውም መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ "ካርቡራተሩ ነው፣ ይታጠብ።" ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው ይህ ዕቃ ታጥቦ ይገጠማል፣ ጠባዩ ግን አይለቅም። ቀጥሎ ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላ ይቀየራል። ከዚያ ቦቢና። ከዚያ እሳቱን የሚያድለው ዲስትሪቢዩተር በሙሉ። ገንዘቡ አልቆ መኪናው አሁንም ይንቀጠቀጣል።

ካርቡራተር መጨረሻ ላይ የሚነካ ዕቃ ነው። ከእሱ በፊት በባዶ እጅ፣ በአንድ ትርፍ ካንዴላና በትንሽ ትዕግሥት የሚታዩ ብዙ ነገሮች አሉ። ጉዳዩ አሁን ይበልጥ የሚያሳስበውም በምክንያት ነው። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ ከተነገረ ወዲህ፣ ያለውን መኪና ጠብቆ ማቆየት ለብዙ ቤተሰብ የግድ ሆኗል።

ለምሳሌ የምንይዘው የቶዮታ ሃይሉክስን 22 አር ሞተር ነው። ባለ አራት ሲሊንደር (ቤንዚኑ የሚቃጠልበት ጉድጓድ)፣ 2,366 ሲሲ፣ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የተሠራ፣ ካርቡራተርና ዲስትሪቢዩተር ያለው ሞተር ነው። ሌላ አሮጌ የቤንዚን ፒካፕ ካላችሁም አሠራሩ ያው ነው፤ የሚለያዩት ልኬቶቹ ናቸው። ናፍታ ከሆነ ግን ካንዴላም ቦቢናም ስለሌለው ከታች ያለው አብዛኛው ነገር አይመለከተውም።

ሚኒሞ ላይ ብቻ ለምን ይብሳል?

ሞተር አራት ነገር ይፈልጋል፦ በሰዓቱ የሚደርስ እሳት፣ ቤንዚን፣ አየር፣ እና የአየርና የቤንዚኑ ድብልቅ ሲሊንደር ውስጥ የሚታመቅበት ግፊት። ግፊቱን መካኒኮች ኮምፕሬሽን ይሉታል። ሚኒሞ ደግሞ ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በራሱ የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት ነው። 22 አር ላይ በደቂቃ 700 ዙር አካባቢ ነው። በዚህ ፍጥነት አንድ ሲሊንደር በሰከንድ ስድስት ጊዜ ያህል ብቻ ይተኩሳል።

አራት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው በዝግታ ሲራመዱ አንዱ እጁን ቢለቅ ቃሬዛው ወዲያው ያዘነብላል። ከአራቱ ሲሊንደር አንዱ ሲያመልጥም እንዲሁ ነው። ፍጥነት ሲጨምር ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ የብረት ክብ በያዘው ዙር ክፍተቱን ይሸፍነዋል። በዝግታ ግን የሚሸፍነው ነገር የለም።

ሌላም ምክንያት አለ። ነዳጅ ሳትረግጡ የካርቡራተሩ የአየር በር ሊዘጋ ምንም አልቀረውም። ሞተሩ በዚያች ቀዳዳ ትንሽ አየር ብቻ ይስባል፤ ከበሩ በታች ያለው የመሳብ ኃይል ግን ከባድ ነው። የሆነ ቦታ የተቀደደ ቱቦ ካለ በእሱ በኩል የሚገባው አየር ከጠቅላላው ትልቅ ድርሻ ይይዛል። ድብልቁ ይሳሳና፣ ማለትም ቤንዚኑ ለአየሩ ያንስና፣ ሞተሩ ይንተፋተፋል። ነዳጅ ስትረግጡ በሩ ይከፈታል፤ ብዙ አየር ይገባል፤ የቀዳዳዋ ድርሻ ከቁጥር የማይገባ ይሆናል። መንገድ ላይ "የሚድነው" ለዚህ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ይሁን፦ የሚያስቸግረው ቆሞ ነው ወይስ እንጦጦን ሲወጣ? ቆሞ ብቻ ከሆነ ያልተፈለገ አየር፣ ቫልቭ (የሲሊንደሩ የአየር ማስገቢያና የጭስ ማውጫ በር) ወይም ካርቡራተሩ ውስጥ ያለው የሚኒሞ ቤንዚን መስመር ይጠረጠራል። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረገጥ ከነጠረና ካነቀው ደግሞ እሳቱ ላይ አተኩሩ። ሲሊንደሩ በደንብ ሲሞላ ግፊቱ ይጨምራል፤ ደካማ ብልጭታ ያንን ግፊት ጥሶ መዝለል ያቅተዋል። በሁለቱም ቦታ የሚያስቸግር ከሆነ አንድ ሲሊንደር ከነጭራሹ አይሠራም ማለት ሊሆን ይችላል።

እሳቱ ከየት ወደ የት ይሄዳል?

ባትሪው 12 ቮልት ይሰጣል። ካንዴላ ላይ ብልጭታ ለማስዘለል ግን በሺዎች የሚቆጠር፣ ሲያስፈልግም ከ20,000 በላይ ቮልት ይጠይቃል። ይህን የሚያደርገው ቦቢና ነው፤ ኮይል የሚሉትም አሉ። ውስጡ ሁለት ጥቅል ሽቦ አለ። በአንደኛው የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ድንገት ሲቋረጥ በሁለተኛው ላይ ኃይለኛ ቮልት ይፈጠራል።

የሚያቋርጠው ማን ነው? በቆዩት ሞተሮች ላይ ፑንቲና የሚባሉት፣ ዲስትሪቢዩተር ውስጥ የሚከፈቱና የሚዘጉ ሁለት ትናንሽ የብረት ጫፎች ናቸው። በኋላ በመጡት ላይ ይህን ሥራ ኤሌክትሮኒክ ሳጥን ወስዶታል። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ከፍታችሁ ተመልከቱ። ከክዳኑ ስር የሚዞረው ሮተር እሳቱን በተራ ለአራቱ ገመዶች ያድላል። 22 አር ላይ ተራው 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው። ገመድ ነቅሎ ያሳሳተ ሰው ሞተሩን የታመመ ያስመስለዋል። ስለዚህ ከመንቀላችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ።

ፑንቲና ካለው ክፍተቱን ፊለር ጌጅ በሚባለው ቀጭን መለኪያ ለኩ። በብዙዎቹ የቶዮታ ፑንቲናዎች 0.45 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ጫፎቹ ተቃጥለው ከተቦረቦሩ ፑንቲናውን ብቻ መቀየር አይበቃም። አጠገቡ ያለው ኮንዴንሰር ደክሞ ሊሆን ስለሚችል አብሮ ይቀየር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። የፑንቲናው ክፍተት ሲለወጥ እሳቱ የሚመጣበት ሰዓትም አብሮ ይለወጣል። መጀመሪያ ክፍተቱ ይስተካከላል፣ ከዚያ ታይሚንጉ፣ ማለትም የእሳቱ ሰዓት። ተገላቢጦሽ ከሠራችሁ ሁለተኛው ሥራ የመጀመሪያውን ያበላሸዋል።

የታይሚንጉ ልክ እንደ ሞተሩ ዓመትና እንደታሰበለት ገበያ ይለያያል። ኮፈኑ ስር የተለጠፈው ወረቀት ካለ እሱን እመኑ።

የማይሠራው ሲሊንደር የትኛው ነው?

ከሁሉም ፍተሻ የምወደው ይህን ነው። ምንም ዕቃ አይገዛለትም፣ ግምትንም ያስቀራል።

ሞተሩን አጥፉ። የአንዱን ሲሊንደር የካንዴላ ገመድ ንቀሉና ጫፉ ላይ ትርፍ ካንዴላ ሰኩ። የትርፉ ካንዴላ ብረት ከሞተሩ ብረት ጋር በደንብ ይነካካ፤ ከቤንዚን መስመርና ከካርቡራተር ይራቅ። ከዚያ ሞተሩን አስነሱና አዳምጡ። ሞተሩ በግልጽ ከደከመ ያ ሲሊንደር ይሠራ ነበር ማለት ነው። ምንም ለውጥ ካላመጣ ግን ቀድሞም አይሠራም ነበር። አራቱንም በየተራ ሞክሩ። ሞተሩ እየዞረ ገመድ በእጅ የሚመነጭቁ አሉ፤ ተዉት። እጅን ይነዝራል፤ እሳቱ መውረጃ ሲያጣም ኤሌክትሮኒክ ሳጥኑን ሊያቃጥል ይችላል።

ይህ ፍተሻ እግረ መንገዱን ሌላም ነገር ያሳያል። ትርፉ ካንዴላ ላይ የምታዩት እሳት ወፍራም፣ ሰማያዊና ጠቅ ጠቅ የሚል ከሆነ ጥሩ ነው። ቀጭንና ቢጫ ከሆነ ደካማ ነው።

ሰነፉን ሲሊንደር ካገኛችሁ በኋላ ካንዴላውን ከጎረቤቱ ጋር አቀያይሩ። ችግሩ ከካንዴላው ጋር ወደ ጎረቤት ከሄደ አገኛችሁት። ካልሄደ ገመዱን ፈትሹ። ቶዮታ ለአንድ ገመድ የሚፈቅደው ከፍተኛ ተቃውሞ 25 ኪሎ ኦም ነው፤ በተራ ቴስተር ይለካል። ካንዴላውም ገመዱም ጤነኛ ሆነው ሲሊንደሩ አሁንም ከሰነፈ እሳቱን ተዉት። የዚያ ሲሊንደር ቫልቭ፣ ኮምፕሬሽን ወይም በዚያ በኩል ያለው የማኒፎልድ (ድብልቁን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያደርሰው ቱቦ) ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ነው የሚቀረው።

ካንዴላው ምን ይናገራል?

አራቱንም አውጥታችሁ በቅደም ተከተላቸው ጨርቅ ላይ ደርድሩ። ፈካ ያለ ቡናማ ጫፍ ጤና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን እንደበዛ ወይም እሳቱ እንደደከመ ይናገራል። በዘይት የረጠበ የፒስተን ፋሻ (ፒስተኑን የሚከብበው ቀለበት) ወይም የቫልቭ ጎሚኒ እንዳለቀ ይጠቁማል። በቤንዚን ርሶ የወጣ እሳት አልደረሰውም። ነጭ ሆኖ የነጣው ደግሞ ድብልቁ ሳስቶበታል ወይም ከልክ በላይ ሞቋል።

ከቀለሙ እኩል የሚጠቅመው ስንቶቹ እንደዚያ እንደሆኑ ማየት ነው። አራቱም ጥቁር ከሆኑ ችግሩ አራቱም የሚጋሩት ቦታ ላይ ነው፦ የአየር ማጣሪያው ተደፍኗል፣ ጠዋት አየር ለመቀነስ የሚዘጋው ቾክ ተከፍቶ አላለቀም፣ ወይም ካርቡራተሩ ያበዛል። አንዱ ብቻ ከተለየ ካርቡራተሩን ለጊዜው እርሱት፤ ካርቡራተር አንድ ሲሊንደር መርጦ አያጠቃም። የ22 አር የተለመደው የካንዴላ ክፍተት 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። አዲስ ካንዴላ ከሱቅ ሲመጣ ልኩን ይዞ ላይመጣ ስለሚችል ሳትለኩ አትግጠሙት።

ሲሞቅ ይጠፋል፣ ሲዘንብ አይነሳም፤ ምን ነካው?

ችግሩ መቼ እንደሚመጣ ማስተዋል ከግማሽ በላይ መንገድ ያስኬዳል።

በክረምት ጠዋት የማይነሳና ፀሐይ ሲወጣ የሚነሳ መኪና እርጥበት ገብቶበታል። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ከፍታችሁ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። ውስጡ ላይ እንደ እርሳስ ጭረት ያለ ቀጭን ጥቁር መስመር ካያችሁ ክዳኑ ተሰንጥቋል፤ እሳቱ በስንጥቁ በኩል እየሸሸ ነው። ማታ ጨለማ ውስጥ ኮፈኑን ከፍታችሁ ሞተሩን አስነሱ። ገመዶቹ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ሲሯሯጥ ካያችሁ ገመዶቹ አርጅተዋል። ውድ መሣሪያ እንኳ ይህን ያህል ግልጽ አድርጎ አያሳይም።

ግማሽ ሰዓት ተነድቶ የሚጠፋና ሲቀዘቅዝ የሚነሳ መኪና ሁለት መልክ አለው። ቦቢናው ወይም ኤሌክትሮኒክ ሳጥኑ ሲሞቅ ይከዳል፤ ወይም ቤንዚኑ መስመር ውስጥ ፈልቶ እንፋሎት ሆኗል። ሁለተኛው ወደ አዋሽና አፋር በሚወርድ መንገድ፣ በቀትር ሙቀት የሚያጋጥም ነው። ለመለየት ትርፍ ካንዴላ መኪናው ውስጥ ይኑር። በጠፋበት ቅጽበት፣ ሳይቀዘቅዝ፣ እሳት መኖሩን ፈትሹ። እሳት ከሌለ ቦቢናው ወይም ሳጥኑ ነው። እሳት ካለ ቤንዚኑ ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ የሚደረግ ፍተሻ ምንም አይነግራችሁም፤ ጋራዥ ደርሶ "ደህና ነው" ተብሎ የሚመለሰውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሞተሪኖው (ማስነሻው) ሲዞር ተነስቶ ቁልፉን ስትለቁ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ሬዚስተሩን ተመልከቱ። አንዳንድ አሮጌ ሞተሮች ወደ ቦቢናው በሚሄደው ሽቦ ላይ ቮልት የሚቀንስ ሬዚስተር አላቸው። በማስነሻ ሰዓት እሳቱ እሱን አልፎ በሌላ መንገድ ይደርሳል። ቁልፉ ሲለቀቅ በእሱ በኩል መሄድ አለበት። ከተቃጠለ እዚያው ይጠፋል። የቁልፉ ማብሪያ ራሱ ሲያረጅም ይህንኑ ያመጣል።

ከሞተሩ ወደ ቦዲው የሚሄደውን የማሳ (የኔጌቲቭ) ገመድም እዩት። ከዛገ ወይም ከላላ እሳቱም ይደክማል፣ ሞተሪኖውም ይከብደዋል። ጠፍቶ የቆየ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተሩ ሲሠራ 14 አካባቢ ካልደረሰ ከቦቢናው በፊት ዲናሞውን ጠይቁ።

ያልተጠራው አየር በየት ይገባል?

ጎማ ቱቦ ያረጃል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ከካርቡራተሩ ስር ያለው ጓርኒሲዮን በሙቀት ይደርቃል። የፍሬን ሰርቮ ቱቦ፣ የዲስትሪቢዩተሩ ቫኪዩም ቱቦ፣ ከቫልቭ ክዳኑ ወደ ማኒፎልድ የሚሄደው የጭስ ቫልቭ፣ ሁሉም አየር ሊያስገቡ ይችላሉ።

አንድ ቀላል ሙከራ አለ። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ የአየር ማጣሪያውን አንሱና የካርቡራተሩን አፍ በካርቶን ቀስ በቀስ፣ በከፊል ሸፍኑ። ሞተሩ ከተሻለው ድብልቁ ሳስቷል፤ አየር ከሆነ ቦታ ይገባል፣ ወይም የቤንዚን ቀዳዳ ተደፍኗል። ከባሰበት ቤንዚኑ ቀድሞም በዝቷል። ቦታውን ለማግኘት በሚረጭ ጠርሙስ ውኃ ይዛችሁ የማኒፎልዱን መገጣጠሚያዎች በትንሽ በትንሹ አርጥቡ፤ ዲስትሪቢዩተሩን ግን አታርጥቡ። ሲረጭ ሞተሩ ድምፁን የሚለውጥበት ቦታ ላይ ቀዳዳው አለ። የካርቡራተር ማጠቢያ ፈሳሽ የሚረጩ አሉ፤ ውጤቱ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን የጋለ ማኒፎልድ ላይ እሳት ያነሳል። ውኃው ይበቃል።

የዲስትሪቢዩተሩን ቫኪዩም ቱቦ ከካርቡራተር በኩል ነቅላችሁ በአፋችሁ ሳቡትና በምላሳችሁ ድፈኑት። መሳቡን ከያዘ ውስጡ ያለው ስስ ጎማ ደህና ነው። ካልያዘ ተቀዷል፤ አየር ያስገባል፣ ታይሚንጉንም ያዛባል።

አዲስ አበባ ላይ የመጽሐፉ ቁጥር ለምን አይሠራም?

ይህ በደንብ ሊነገር የሚገባው ነገር ነው፤ ጤነኛ ሞተር እንዲወርድ እያደረገ ነውና።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚኑን እንደዚያው ይሰጣል፤ አየሩ ግን ሳስቷል። ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ሚኒሞ ይከብዳል። አዲስ አበባ ተስተካክሎ ወደ ድሬዳዋ የወረደ መኪና ደግሞ ድብልቁ ይሳሳበታል። መኪናው አልተበላሸም፤ ማስተካከያው ነው ከቦታው ያልተስማማው።

የመለኪያ መሣሪያም እንዲሁ ነው። የ22 አር መመሪያ ኮምፕሬሽኑ 171 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ)፣ ሲያንስ ደግሞ 142 መሆን አለበት ይላል። ይህ ለቆላ አየር ነው። አዲስ አበባ ላይ ጤነኛ ሞተር እንኳ 130ዎቹ ውስጥ ሊያሳይ ይችላል። ቁጥሩን ብቻ አይቶ "ፋሻ ጨርሷል፣ ሞተር ይውረድ" የሚል ሰው አለ። እናንተ የአራቱን ልዩነት ተመልከቱ። በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ14 ፒኤስአይ ካልበለጠና አራቱም ተቀራራቢ ከሆኑ ለመሸበር ምክንያት የለም። አንዱ ብቻ ከወደቀ ግን በዚያ ሲሊንደር የካንዴላ ቀዳዳ ትንሽ የሞተር ዘይት አፍስሳችሁ እንደገና ለኩ። ቁጥሩ ከወጣ ፋሻ ነው፤ ካልወጣ ቫልቭ ወይም የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን።

የሞተሩን የመሳብ ኃይል የሚለካውን የቫኪዩም ጌጅ የሚጠቀሙም ይህን ያስቡ። በውጭ አገር ቪዲዮዎች ላይ ጤነኛ ሞተር ከ17 እስከ 21 ኢንች ያሳያል ይባላል። ከፍታው በ300 ሜትር ሲጨምር አንድ ኢንች ያህል ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ ከ10 እስከ 14 መካከል ያለ ንባብ፣ መርፌው ረግቶ ከቆመ፣ ጥሩ ነው። የምትሸሹት የሚወዛወዝ መርፌን ነው።

የቫልቭ ነገር ከተነሳ፣ የ22 አር ቫልቭ ክፍተት በየጊዜው መስተካከል አለበት፤ ብዙ ባለቤቶች ይህን ረስተውታል። ሞተሩ ሞቆ ሲለካ ለአየር ማስገቢያው 0.20፣ ለጭስ ማውጫው 0.30 ሚሊ ሜትር ነው። የጠበበ ቫልቭ ድምፅ ስለማያሰማ ማንም አያስበውም። ግን አይዘጋም፣ ኮምፕሬሽን ያስወጣል፣ ውሎ አድሮ ይቃጠላል። የሚንኳኳው ቫልቭ ከጠበበው ይሻላል።

ታዲያ ካርቡራተሩ ተራው መቼ ነው?

እሳቱ ጠንካራ፣ ታይሚንጉ ልክ፣ ቱቦዎቹ ያልተቀደዱ፣ ቫልቮቹ የተስተካከሉ ሲሆኑ። ያኔም ቢሆን ከመፍታት በፊት አንድ ነገር ቀድማችሁ ፈትሹ። የ22 አር ካርቡራተር ላይ ሽቦ የገባባት ትንሽ የኤሌክትሪክ ቫልቭ አለች። ቁልፍ ሲከፈት የሚኒሞን ቤንዚን ትለቃለች፤ ሲዘጋ ታቆማለች። ሽቦዋ ከወለቀ ወይም ከተቃጠለች ሞተሩ ነዳጅ እስከተረገጠ ብቻ ይሠራል፤ እግር ሲነሳ ይጠፋል። ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ክፈቱና ሽቦውን ነካ ለቀቅ አድርጉት። "ቀጭ" የሚል ድምፅ መስማት አለባችሁ። በዚህች ሽቦ ምክንያት ስንት ደህና ካርቡራተር ተፈትቶ ተበላሽቷል።

"ቀጭ" ካለችና ችግሩ ካልለቀቀ፣ አሁን ማጠቡ ተገቢ ነው። ሲታጠብ የሚኒሞው ጠባብ ቀዳዳ በአየር ግፊት ይነፋ፤ ሽቦ ተሰዶበት አይሰፋ።

ከተገጠመ በኋላ ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፤ ቾኩ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን አረጋግጡ። የድብልቁን ብሎን ሞተሩ በጣም ፈጥኖ የሚዞርበት ቦታ እስክታገኙ በቀስታ አዙሩት። ከዚያ በፍጥነቱ ብሎን ሚኒሞውን መልሱት። ሁለቱን ብሎኖች እያፈራረቁ ይህን ድገሙ። የድብልቁን ብሎን ስታዞሩ ሞተሩ ምንም ካልተሰማው ወይ የሚኒሞው ቀዳዳ አሁንም ተደፍኗል፣ ወይ ያላገኛችሁት የአየር ቀዳዳ ቀርቷልና ወደ ውኃው ጠርሙስ ተመለሱ።